እስከ ስምንት ሰዓት

በሰባተኛው ጎተራ ውስጥ ክብሪት አይነድም። ነቀዝ አይኖርም፣ አይጥ አይገባም፣ ሻጋታ ከታየ ዓመታት አልፈዋል። ጎተራ ሁሉ በእሳት ያለቀበት የቃጠሎው ዘመን ካለፈ በኋላ አየሩን ቀነሱለት፤ ከዚያ ወዲህ እህሉ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ሰው ግን መግባት አለበት። ማጓጓዣው ነክሶ ይቆማል፣ ጆንያ ይቀደዳል፣ ናሙና ይወሰዳል። ስለዚህ በየጠዋቱ መቶ ሃያ ሰው በደም ሥሩ አጓት ተቀብሎ ይገባል።

አጓት የሚሉት ሠራተኞቹ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው። መልኩ ነጣ ያለ፣ በከረጢት የሚመጣ ፈሳሽ ነው፤ ደም አየር መሸከም ሲያቅተው ተሸክሞ ልብ ድረስ ያደርሳል። ጎተራ ውስጥ ሰው የሚሞተው ታንቆ አይደለም። ሳንባው ይሠራል፣ እግሩ ይሄዳል፣ እንዲያውም ይስቃል፣ ይጫወታል። ከዚያ ልቡ ቀጥ ይላል። አጓቱ ልብን ነው የሚጠብቀው።

ዘርጋው ምትኬ የዚህ አጓት ሰቃይ ነው። የሥራ መደቡ ስም እንደዚያ ነው፤ ከረጢት ሰቃይ። በሩን የምትቆጣጠረው ትርሲት በዚህ ስም ሳትስቅ የዋለችበት ቀን የለም። "እኛ ሰፈር ሰቃይ የሚባለው አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር፤ አንተ ደግሞ በምን ሒሳብ ነው ሰቃይ የሆንከው ጋሼ?" ትለዋለች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሠራተኞቹ ረጅሙ አግዳሚ ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይደረደራሉ። ዘርጋው እያንዳንዱን ከረጢት ቀስ አድርጎ ሃያ ጊዜ ያገላብጣል፣ ይሰቅላል፣ መርፌውን ይወጋል፣ ደረታቸው ላይ የልብ ማንበቢያውን ይለጥፋል። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ጥፍራቸው ይነጣል፤ ትንፋሻቸው አዲስ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ልጆቻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚስሟቸው። ማንም አይገረምም።

ከዚያ ዘርጋው መስታወቱ ኋላ ካለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ ማሳያው ፊት ይቀመጣል። መቶ ሃያ ልብ መስመር መስመር ሆኖ ይሄድለታል። የማን ልብ ሲደክም እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ መስመሩ የቱ ጋ ሲሰምጥ እረፍት እንደሚበቃው፣ የቱ ጋ ሲሰምጥ ደግሞ የሞተው የልብ ሥጋ ተመልሶ እንደማይነሳ ያውቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ቁጭ ብሎ አይቶ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ደግሞ አንድ ሌላ ነገርም ይዞ ቁጭ ብሏል።

አጓቱ ገና ሲሞከር ዘርጋው በፈቃደኝነት ከገቡት ሰዎች አንዱ ነበር። ክፍል ውስጥ ዘግተው አየሩን ይቀንሱባቸዋል፣ ብስክሌት ያስረግጧቸዋል፣ ልባቸውን ይጽፋሉ። በሁለተኛው ወር ዘርጋው አንድ ነገር አስተዋለ። ከረጢቱ ተሰቅሎ ሲቆይ ወፍራሙ ለብቻ፣ ቀጭኑ ለብቻ ይሆናል፤ እንደዚያ የተሰጠው ሰው ደረቱን ያቃጥለዋል። አንዲት ነርስ ግን ከመስቀሏ በፊት የማገላበጥ ልማድ ነበራት፤ እሷ በገባችበት ቀን ማንም አይቃጠልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከታተለ። እርግጠኛ ሲሆን ተናገረ። የተናገረበትን ቀን ነው ያልመረጠው፤ እንግዶች ነበሩ።

የሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሚልኪያስ ይባላል፤ የዘርጋው እኩያ ነው፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ቢበልጠው። ዘርጋውን ሸሚዙን አስወልቆ አቁሞት፣ በእስክሪብቶ ደረቱን እየነካካ ለእንግዶቹ ያስረዳል። ዘርጋው፣ "ዶክተር፣ ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊት ቢገላበጥ እኮ…" አለ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከደረቱ ላይ ሳያነሳ፣ "ስንተኛ ክፍል ነህ አንተ?" አለው።

"ስምንተኛን ጨርሼ ነው ያቋረጥኩ።"

"እንግዲያው ዘጠነኛን ስትጨርስ እንነጋገራለን።"

እንግዶቹ ሳቁ። ነርሶቹ ሳቁ። ዘርጋውም ሳቀ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግበው ራሱ መሳቁ ነው።

በሦስተኛው ወር አዲስ መመሪያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊት ሃያ ጊዜ ይገላበጥ የሚል። ከሥሩ የዶክተር ሚልኪያስ ፊርማ አለበት። በዚያ መመሪያ ዶክተሩ ተሸለመ፣ ውጭ አገር ተጠራ፣ ሄደ። ለዘርጋው የተረፈው ስም ብቻ ነው። ዘጠነኛ። ሥራ ቦታ ዘጠነኛ፣ ሰፈር ዘጠነኛ፣ ዕድር ላይ ዘጠነኛ። ልጁን እመቤትን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ መንገድ ጠፍቷቸው፣ "የዘጠነኛ ቤት የቱ ነው?" እያሉ ነው በር በር ሲያንኳኩ ያረፈዱት። እመቤት ያን ቀን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ዘርጋው ሽማግሌዎቹን በፈገግታ ተቀበለ፤ ሆዱ ውስጥ ግን የቋጠረውን አንድ ዙር ጨምሮ አጠበቀው።

ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው ትርሲት ወሬ ይዛ መጣች።

"ጋሼ ዘርጋው፣ ሰማህ? አጓቱን የፈጠረው ሰውዬ ለቁጥጥር ሊመጣ ነው። ከውጭ።"

"እሱ አይደለም የፈጠረው።"

"እንግዲያ ማን ፈጠረው? አንተ?"

"ላም።"

ትርሲት እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ዘርጋው ግን ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ መለሰው።

ዶክተር ሚልኪያስ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ጫማው ግን አቧራ የማያውቅ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ወደ ሌላ እያየ ክንዱን ዘረጋ። ዘርጋው ከረጢቱን አንስቶ ማገላበጥ ጀመረ። ቀስ ብሎ። ከሌላው ቀን ይልቅ ቀስ ብሎ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንዲያየው ነው።

ቀና አለ። ደረቱ ላይ ያለውን የስም ካርድ አነበበ። "ዘርጋው። እሺ፣ ቶሎ በል አንተ። ስንት ጊዜ ታገላብጣላችሁ?"

"ሃያ።"

"ጥሩ። ይህን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ማንም አላስተዋለውም ነበር።"

ዘርጋው ሃያውን ጨረሰ። ሰቀለ። ወጋ። ደረቱ ላይ የልብ ማንበቢያውን ለጠፈ።

አርባ ደቂቃው ሲሞላ መርፌውን ነቀለለት፤ ጥጡን አጥብቆ ያዘለት። ዶክተሩ እጅጌውን እያወረደ፣ "እስከ ስንት ያቆየኛል?" አለ።

"እስከ ስምንት ሰዓት።"

ዶክተሩ የእጅ ሰዓቱን አየ። "አሁን ዘጠኝ ሊሆን ነው። ከዘጠኝ እስከ ስምንት… አሥራ አንድ ሰዓት። ተመስገን፣ እንደ ድሮው ነው።" ብድግ አለ።

መንግሥት ሰዓቱን ከለወጠ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ቢሮው፣ ባቡሩ፣ ትምህርት ቤቱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው። ጎተራው ግን እምቢ እንዳለ ቀረ፤ ወረቀቱ በአዲሱ ይጻፋል፣ አፉ በድሮው ይናገራል። ዶክተሩ ዘጠኝ ያለው ጠዋት የጎተራው ሰው ሦስት ሰዓት የሚለው ነው። የጎተራው ሰው ስምንት የሚለው ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ዶክተሩ ስምንት ሲባል የሰማው የማታውን ነው። በእሱ ዘመን ከረጢቱ ወፍራም ነበር፤ ቀን ሙሉ ያቆያል። ከቀጠነ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን አምስት ሰዓት ብቻ ነው።

ዘርጋው ይህን ሁሉ ያሰበው ዶክተሩ ጫማውን በላስቲክ እስኪሸፍን ባለችው ጊዜ ነው። ማለት ያለበት ሁለት ቃል ነበር። በእኛ ሰዓት። ምላሱ ላይ መጣችለት። ጣዕሟን እንኳ ያስታውሳል። ዋጣት።

አልዋሸም። የተጠየቀውን መልሷል።

ድርቡ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዘርጋው ማሳያው ፊት ተቀመጠ። ከመቶ ሃያው መስመር ሥር መቶ ሃያ አንደኛ መስመር ብቅ አለ፤ ረጋ ያለ፣ የደህና ሰው ልብ።

ጠዋቱ እንደ ማንኛውም ጠዋት አለፈ። ዶክተሩ የሽፋን ማኅተም ይመረምራል፣ ናሙና ይወስዳል፣ በጆሮ ማዳመጫው አንዳንድ ነገር ይጠይቃል፤ ዘርጋው ይመልሳል። ሰባት ተኩል ላይ ሠራተኞቹ ተራ በተራ መውጣት ጀመሩ። የመጨረሻው ሰው ላቡን እየጠረገ፣ "ዶክተሩ አስራ አራተኛው መደዳ ጋ ቀርተዋል። እንውጣ ስላቸው፣ 'እኔ እስከ ስምንት አለኝ' አሉኝ" አለ።

ትርሲት፣ "እሺ፣ ግማሽ ሰዓት አላቸው" ብላ መዝገቧን ዘጋች። "ምሳ ልበላ ነው ጋሼ። አንተ ታስወጣቸዋለህ።"

"አስወጣቸዋለሁ።"

ከስምንት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው ውስጥ ላለ ሰው በጆሮው "ውጣ" ማለት የሰቃዩ ሥራ ነው። የሚያዘው ቁልፍ ቀይ ነው፤ ዓመታት የዘርጋው አውራ ጣት አለስልሶታል። አስር ጉዳይ ሆነ። ዘርጋው አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። አልተጫነም።

ስምንት ሰዓት ሞላ። መስመሩ ምንም አላለም። ስምንት ከአምስት። መስመሩ ትንሽ ፈጠን አለ። ስምንት ከአስር ላይ የዶክተሩ ድምፅ መጣ፤ ደስ ደስ የሚለው ድምፅ።

"ማነህ አንተ፣ ሰቃዩ… እህሉ ያምራል እኮ። እንዴት ያምራል።"

ዘርጋው ይህን ደስታ ያውቀዋል። አየር ያነሰው አንጎል መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መደሰት ነው።

"ሰቃዩ። ሰቃይ ማለት እኮ ጎበዝ ተማሪ ነው። ሃ! እኔ ሰቃይ ነበርኩ።" ከዚያ ዶክተሩ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ግጥሙ ሲጠፋው ዜማውን ብቻ፣ ዜማው ሲጠፋው አንዲቱን ቃል ደጋግሞ።

ዘርጋው ወንበሩን ወደ ማሳያው አስጠጋ። ስንት ዓመት በሐሳቡ ይህን ሰው ሰድቦታል፣ በጥፊ መትቶታል፣ እንግዶች ፊት ሸሚዙን አስወልቆ አቁሞታል። ይህ ግን ከሁሉም ይለያል። ሰውዬው ልቡን ራሱ አምጥቶ እጁ ላይ አኑሮለታል። ስምንት ከሃያ ላይ መስመሩ መሰናከል ጀመረ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ አንድ እንደሚሳሳት እግር። ማስጠንቀቂያው መብራት ብልጭ አለ። ዘርጋው ድምፁን አጠፋው።

ትርሲት ጥርሷን እየፋቀች ተመለሰች። "ሰውዬው ወጣ?"

"ሊወጣ ነው።"

"ሊወጣ ነው? ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ሂጂ ባክሽ፣ ሻይ አምጪልኝ።"

"እኔ የአንተ አሽከር ነኝ? ራስህ አምጣ" እያለች ሄደች፤ ሻዩን ልታመጣ እንደሆነ ያውቃል።

ቢሞትስ? ዘርጋው ይህን አስቧል። ከሞተ ምኑን አወቀው? እንደሳቀ፣ እንዳንጎራጎረ፣ የተሸለመ ሰው ሆኖ ይሄዳል፤ ባንዲራ ያለብሱታል፤ ዘጠነኛ ማን እንደሆነ ሳያውቅ። ይህ በቀል አይደለም፤ ስጦታ ነው። ዘርጋው የሚፈልገው ሌላ ነው። መስመሩ ላይ አንዲት ቦታ አለች፤ እሷ ከሰመጠች ልቡ ይተርፋል እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ሲሶው ለዘላለም ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው ደረጃ ሲወጣ በየሦስቱ እርከን ይቆማል። ዘርጋው ያችን ቦታ ጠበቀ።

ስምንት ከአርባ ላይ ሰመጠች።

ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫነ። ማስጠንቀቂያውን በሙሉ ለቀቀው፤ ለአደጋ የተቀመጠውን የአየር ጭምብል አጠለቀ፤ ሻይ የያዘችውን ትርሲትን፣ "ጭምብል ልበሺ፣ ሰውዬው ወድቋል" አላት። ሻዩ መሬት ፈሰሰ። ሁለቱ ጋሪ እየገፉ አስራ አራተኛው መደዳ ደረሱ። ዶክተሩ የበቆሎ ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፈገግ ብሏል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ዘርጋው ብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው። ቀላል ሰው ነበር።

ሪፖርቱ በሦስት ቀን ወጣ። እንግዳው ትክክለኛው ሰዓት ተነግሯቸዋል፤ በራሳቸው አሳስተው ቆጥረዋል፤ ሰቃዩ ሕይወታቸውን ታድጓል። አለቆቹ ዘርጋውን ሲጨብጡት የተነሳው ምስል በጎተራው በር ላይ ተለጠፈ፤ እመቤትም አንዱን አሳትማ ሳሎን ሰቀለችው። የሰፈሩ ሰው "አቶ ዘርጋው" ማለት ጀመረ። ትርሲት እንኳ ሳምንት ሙሉ አልቀለደችም፤ የሻዩን ነገር ግን አንድ ጊዜ አነሳችበት። "ለምን ላክኸኝ?" አለችው፣ እያየችው። "ጠምቶኝ ነዋ" አላት።

ዘርጋው ግን ምግብ አልወርድ አለው። ማታ ሳሎን ተቀምጦ ያንን ምስል ያያል። ምስሉ ውስጥ ያለው ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው ዶክተሩን ያወጣ ነው። ያ የእሱ ሥራ አይደለም፤ የእሱ ሥራ አርባው ደቂቃ ነው፤ ከአስር ጉዳዩ ጋር ሃምሳ። በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ ትልቁ ነገር ሰርቀውት በሌላ ስም የለጠፉበት መሰለው።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ዶክተሩ አስጠራው። ዘርጋው ባርኔጣውን ደፍቶ ሆስፒታል ሄደ።

ሰውዬው ትራስ ተደግፎ ነበር። ከአልጋው ራስጌ ትንሽ ማሳያ አለች፤ መስመሩን ዘርጋው ከበር ጀምሮ አወቀው። ሲሶው ተኝቷል። ዶክተሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ የዘርጋውን እጅ ያዘ፣ ሊስመውም አለ፤ ጎንበስ ማለት አቅቶት ተወው።

"አቶ ዘርጋው። ምን ብዬ… ሕይወቴ የእርስዎ ናት። ይቀመጡ፣ እባክዎ ይቀመጡ።"

ዘርጋው አልተቀመጠም። "ታውቀኛለህ?"

ዶክተሩ አንተ መባሉን ልብ አላለም ወይም አልፎት ሄደ። "እንዴት አላውቅዎ? ያወጡኝ እርስዎ አይደሉ?"

"ከዚያ በፊት።"

ሰውዬው ፊቱን አጥንቶ አየው። የለም፤ ምንም አላገኘም። ዘርጋው ነገረው። ሸሚዙን፣ እስክሪብቶውን፣ ከረጢቱን፣ ዘጠነኛን። ዶክተሩ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ።

"ብዬ ይሆናል። ብያለሁ ማለት ነው። ወጣት ነበርኩ፣ አፌ ክፉ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ዘርጋው። የማገላበጡንም ነገር እጽፋለሁ፤ በስምዎ ይታረማል።"

በቃ። ይቅርታው በአንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ለአስተናጋጅ እንደሚጣል ጉርሻ ቀሎ ወጣ። ዘርጋው ሆዱን አዳመጠ፤ ምንም የተነቃነቀ ነገር የለም።

"ሰዓቱን ስትስት ሰምቼሃለሁ፤" አለው።

"ምን አሉ?"

"ከዘጠኝ እስከ ስምንት አሥራ አንድ ሰዓት ብለህ ስትቆጥር። በአዲሱ እንደቆጠርክ አውቄያለሁ። ዝም አልኩ።"

ዶክተሩ አዘነለት። ዓይኑ ውስጥ ታየው፤ የሐኪም ሐዘን። "አይሆንም እንዲህ። ይህ ድንጋጤ ነው፤ ሰው ያዳነ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ እንዲህ ያለ ሰው አይደሉም።"

"ስምንት ከአስር ላይ እህሉ ያምራል አልከኝ።" ዘርጋው ድምፁን አላነሳም። "ሰቃይ ነበርኩ አልከኝ። ከዚያ ዘፈንክ፤ ግጥሙ ጠፋብህ፣ ቀጥሎ ዜማው። ስምንት ከሃያ ላይ ልብህ ሁለት ሄዶ አንድ ይስት ጀመር። መብራቱ በራ፤ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ላይ ሻይ አዘዝኩ። የምጠብቀው ይህችን ነበር።" እጁን ዘርግቶ ራስጌው ማሳያ ላይ የሰመጠችውን ቦታ በጣቱ ነካ። "ስትሰምጥ አየኋት፤ ከዚያ ጠራሁ። አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም፣ አንድ ደቂቃ አላጎደልኩም።"

የዶክተሩ ፊት ብዙ አልተለወጠም፤ እንዲህ ያለ ሰው ፊቱን ይገዛል። ዘርጋው ግን ፊቱን አልነበረም የሚያየው። መስመሩ ፈጠነ፣ ተሰናከለ፣ ሽቅብ ዘለለ። አመነው።

"ታዲያ ለምን አወጣኸኝ?" አለ ዶክተሩ። እርስዎው ቀርቷል።

"እንድታውቅ።"

የዶክተሩ እጅ አንሶላው ላይ የጥሪውን ቁልፍ ፈለገ። ገመዱ ተንሸራቶ ከጣቱ ርቋል። ዘርጋው አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈለት።

"ተጫነው" አለው።

ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ስቦ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ከኮሪደሩ የሚመጣውን የጫማ ኮቴ ቀጥ ብሎ ጠበቀ።